ቁንጥር ጨው ለሕፃኑ አፍንጫ

ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ ጉንፋን የያዘው ግን ራቅ ብሎ ይስማ። ተረቱ ለሁሉም ይደርሳል።

በመንዝ ደጋ፣ ከገደል አፋፍ ላይ፣ አምስት ጎጆ ብቻ ያላት መንደር ነበረች። ወሩ ጥቅምት ነው። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። ከዳር ባለው ጎጆ ዘርጋው የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ይኖር ነበር። ዘርጋው ቃል ይቆጥባል። ቸግሮት እንኳ «ቸገረኝ» አይልም። እንዲህ ሆኖ የቀረበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱንም አይናገርም።

ሚስቱ ፈለቀች ትባላለች። ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። ልጁ ገና ክርስትና አልተነሣም፤ ስም የለውም። ስም ሳይኖረው ጉንፋን ያዘው።

ሕፃኑ ጡት ይጎርሳል፣ ሁለቴ ይስባል፣ ይታፈናል፣ ይለቃል፣ ያለቅሳል። እንደገና ይጎርሳል፣ ይታፈናል፣ ይለቃል። ልቅሶው በየሰዓቱ እየቀጠነ ሄደ።

ማክሰኞ ዘርጋው ግማሽ ቀን ተጉዞ ክሊኒክ ካለበት ከተማ ደረሰ። የክሊኒኩ ድሬሰር ከወረቀቱ ቀና ሳይል ጠየቀው።

«ያተኩሰዋል?»

«አያተኩሰውም።»

«ትንፋሹ ይፈጥናል? ሲተነፍስ ጎኑ ይሰረጉዳል?»

«የለም። አፍንጫው ነው።»

«ጉንፋን ነው እንግዲያው።»

«መርፌ ስጠኝ።»

ድሬሰሩ አሁን ቀና አለ። «ጉንፋን መርፌ አይሰማም፣ ወንድሜ። ጊዜው ሲደርስ በራሱ ይሄዳል። አንተ የምታግዘው ልጁን ነው። የዚህ ዕድሜ ልጅ መተንፈሻው አፍንጫው ነው። አፍንጫው ከተደፈነ ይጥባ ወይስ ይተንፍስ? ውሃ አፍልተህ አቀዝቅዝ፤ ለብ ሲል ቁንጥር ጨው ጨምርበት። ጣዕሙ እንደ እንባ ይሁን፣ ከዚያ አይለፍ። በንጹሕ ጨርቅ ጫፍ ሁለት ሁለት ጠብታ በየአፍንጫው። ከዚያ ጡት ስጡት። የሚያስለው ሰው አይጠጋው፤ የሚይዘውም እጁን ይታጠብ፤ ጉንፋን እጅ ለእጅ ነው የሚሄደው። ነገ ካልጠባ፣ ወይም ጎኑ ከተሰረጎደ ግን፣ አቅፈኸው ሩጥ።»

ረቡዕ ጠዋት ውሃው ፈላ፤ ቀዘቀዘ። ዘርጋው የጨው ቅሉን ገለበጠው። ባዶ ነው። አራስ ጠያቂ ሲገባ ሲወጣ ጨርሶታል። ገበያ ደግሞ ቅዳሜ ነው።

አማቱ እማማ አስካለ ልጃቸውን ሊያርሱ ከመጡ ወር ሊሆናቸው ነው። ከእሳቱ ዳር ሆነው እንዲህ አሉ፦

«ጨው ፍለጋውን ተወው። ድንቄን አስጠርቻታለሁ።»

ድንቄ ከወንዝ ማዶ ያለች እንጥል ቆራጭ ናት።

«ጉንፋን ነው፣ እማማ።»

«ጉንፋን ጡት ያስተዋል? ስንት ልጅ አሳድገህ ነው? ጡት የማይዝ ልጅ እንጥሉ የወረደ ነው። ትቁረጠውና ይረፍ።» እሳቸውም ፈርተዋል።

ዘርጋው ጦቢያ የምትባል ታናሽ እህት ነበረችው። እሷም በጉንፋን ሰሞን ጡት እምቢ አለች፤ እሷም እንጥሏ ወርዷል ተባለ። ዘርጋው ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። የደሙን ጨርቅ ወንዝ ወርዶ ያጠበው እሱ ነው። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አይነገርም።

«ድንቄ ሳትደርስ ቢጠባስ?» አለ።

«ከጠባማ ምን ያስቆርጠዋል! ሸኝተን እንመልሳታለን።»

ዘርጋው ወጣ። ቁልቁል አየ። ከወንዙ ማዶ፣ በመንገዱ ላይ፣ አንዲት ነጭ ነገር ትንቀሳቀሳለች። ሰሊጥ ታህላለች። ድንቄ ናት።

ጨው ያለው እትዬ ጌጤ ቤት ነው፤ ልጁ ከተወለደ ወዲህ ገበያ የወጣች እሷ ብቻ ናት። ዘርጋው በሩን አንኳኳ። ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«ማነው?» አለ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ።

«ዘርጋው ነኝ፣ እትዬ ጌጤ። ቁንጥር ጨው።»

«ጨውስ አለ። የሚነሣ ሰው ነው የሌለው። ጉንፋን አጣድፎኝ ፌጦ ጠጥቼ ተሸፋፍኜ ላብ በላብ ሆኛለሁ። በላቤ ብነሣ ምች ይመታኛል። አያ ጥላዬ የሚሠራልኝ የሱፍ ባና አለ፤ እሱን በግድግዳው ቀዳዳ አግባልኝ፣ ተከናንቤ እነሣለሁ።»

«አሁን ነው የምፈልገው።»

«ምነው፣ ወጡ ጥሎህ ይሄዳል?» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

ለወጥ መስሏታል። ዘርጋው አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣም። ዘጋው። ሄደ።

ልጁ ያለ ጨው አይጠባም። ጨው ያለ ጌጤ አይወጣም። ጌጤ ያለ ባና አትነሣም። ከታች ደግሞ ድንቄ ባቄላ አክላለች።

አያ ጥላዬ ሸማኔ ነው፤ የመንደሩን የሱፍ ልብስ ሁሉ የሚሠራ እሱ ነው። እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ፣ መወርወሪያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያነጥሳል።

«ይማርህ፣ አያ ጥላዬ።»

«ያኑርህ።» አነጠሰ።

«ይማርህ።»

«ያኑርህ። በዚህ ከቀጠልን ይመሻል፤ የመጣህበትን ንገረኝ።»

«የእትዬ ጌጤ ባና።»

«ስንዝር ቀርቶታል። ግን ምን ላድርግ? መወርወሪያው ወደ ቀኝ ሲሄድ አፍንጫዬ ወደ ታች ይሄዳል። ዓይኔ ያለቅሳል፤ ድሩን ከማጉ አልለይም። አጉል ብሠራው ደግሞ የጌጤን ምላስ ታውቀዋለህ። ከእማሆይ ብርቄ ጓሮ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት አምጣልኝ። እሱን ካኘክሁ ዓይኔ ይገለጣል፣ ስንዝሯን እጨርሳታለሁ።»

«ያለ እሱስ?»

«ያለ እሱማ ተቀምጬ ማንጠስ ነው።» አነጠሰ።

ልጁ ያለ ጨው አይጠባም። ጨው ያለ ጌጤ አይወጣም። ጌጤ ያለ ባና አትነሣም። ባናው ያለ ጥላዬ አያልቅም። ጥላዬ ያለ ነጭ ሽንኩርት አይሸምንም። ድንቄ ከወንዙ ዳር ቆማ ጫማዋን ታወልቃለች፤ ጫጩት ታህላለች።

እማሆይ ብርቄ ዳዊታቸውን ገልጠው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም።

«እማሆይ፣ እንደምን አደሩ። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት።»

እማሆይ በሹክሹክታ መለሱ። «ማሩስ?»

«የምን ማር?»

«ከባለቀፎው ከእንግዳ ጋር ሃያ ዓመት የኖርነው እንዲህ ነው። ማር ከእሱ ይመጣል፤ ነጭ ሽንኩርት ከእኔ ይሄዳል። ከዚህ ጓሮ ያለ ማር ነጭ ሽንኩርት ወጥቶ አያውቅም። ይኸው ጉሮሮዬ ተዘግቶ ዳዊቴን ድምፅ አውጥቼ ካልደገምሁ ሦስት ቀኔ።»

«ዛሬ ጾም አይደለም ወይ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው የምልሰው፣ አንተ ልጅ! አንተ ለኔ ጾም ልትነግረኝ?» በሹክሹክታም መቆጣት ያውቁበታል። «ማር ይምጣ፤ ነጭ ሽንኩርት ይሂድ።»

ልጁ ያለ ጨው አይጠባም። ጨው ያለ ጌጤ አይወጣም። ጌጤ ያለ ባና አትነሣም። ባናው ያለ ጥላዬ አያልቅም። ጥላዬ ያለ ነጭ ሽንኩርት አይሸምንም። ነጭ ሽንኩርቱ ያለ ማር አይነቀልም። ድንቄ ወንዙን ተሻግራለች፤ ዶሮ ታህላለች።

አባባ እንግዳ ንብ አርቢ ናቸው። ከቀፎዎቻቸው ሥር ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ይስላሉ።

«ማር? ሞልቷል፣ ልጄ። አልቆረጥሁትም እንጂ። ቀፎ በጭስ ነው የሚከፈተው፣ በምርቃት አይከፈት። ትናንት ይኸ ጉንፋን ጣለኝና እሳቴን ሳላዳፍን ተኛሁ፤ ጠፍቶ አደረ። ንብ ‹እንግዳ ታሟል፣ እንተውለት› የምትል መሰለህ? ፍም አምጣልኝ፤ ማርህን ውሰድ።»

በጡጫቸው ላይ ሳሉ። ያንኑ እጅ ዘርግተው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት።

ዘርጋው እጁን አየ። ያ እጅ ባለፈው እሑድ አራስ ሊጠይቅ መጥቶ የልጁን ጉንጭ ዳብሷል። አባባ እንግዳ ጉንፋኑን ያገኙት ማር ሲሰጡ ነጭ ሽንኩርት ሲቀበሉ ከእማሆይ ነው። እማሆይ ከጥላዬ፣ መስቀላቸውን ሲሳለም። ጥላዬ ከጌጤ፣ ቀሪውን ሱፍ ስታስረክበው። ጌጤ ጨውና ጉንፋን በአንድ ገበያ ቀን ይዛ መጣች። ጉንፋኑ ዘርጋው ዛሬ የሄደበትን መንገድ ቀድሞ ሄዶበታል። የሱን ያህል ግን በር አልተዘጋበትም።

ፍም ከየት ይምጣ? ጌጤ በሯን ዘግታለች። ጥላዬ ከሱፍ አጠገብ እሳት አያስገባም። እማሆይ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አያነዱም። እሳት ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው። የራሱ ቤት።

ሮጠ።

«ፍም ልውሰድ፣ እማማ።»

እማማ አስካለ ከምድጃው ፊት ቆሙ። «ወዴት?»

«አባባ እንግዳ ዘንድ።»

«ከአራስ ቤት እሳት? ከአራስ ቤት እሳት ሲወጣ የእናቲቱ ጡት ይነጥፋል፤ የልጁ ዕድሜ አብሮ ይወጣል። እናቴ አላወጣችም፤ እኔም አላወጣ። ልጁ ጡት ይያዝ፣ ያን ጊዜ ምድጃውን ነቅለህ ውሰድ።»

ክሩ ዞሮ ከጫፉ ጋር ተቋጠረ።

ልጁ ያለ ጨው አይጠባም። ጨው ያለ ጌጤ አይወጣም። ጌጤ ያለ ባና አትነሣም። ባናው ያለ ጥላዬ አያልቅም። ጥላዬ ያለ ነጭ ሽንኩርት አይሸምንም። ነጭ ሽንኩርቱ ያለ ማር አይነቀልም። ማሩ ያለ ጭስ አይቆረጥም። ጭሱ ያለ ፍም አይነሣም። ፍሙ ልጁ ካልጠባ አይወጣም። ልጁ ያለ ጨው አይጠባም።

ዘርጋው መሐል ቤት ቆመ። ከመጋረጃው ጀርባ ልጁ ያለቅሳል፤ ልቅሶው እንደ ክር ቀጥኗል። በበሩ ቁልቁል አየ። ድንቄ አቀበቱን ጀምራለች። ሰው አክላለች። የነጠላዋ ጥለት ይታያል፤ ቀይ ነው።

መጋረጃው ተገለጠ። ፈለቀች ሕፃኑን በግራ ክንዷ አቅፋ ወጣች። ጎንበስ አለች፣ በቀኝ እጇ ገል አነሣች፣ ፍሙን ዛቀች።

«ልጄ! ምን ልታደርጊ ነው?»

«አራሷ እኔ ነኝ፣ እማዬ። ጡቱም የኔ ነው። ቢነጥፍ የኔ ይንጠፍ።» ገሉን ለዘርጋው ሰጠችው። አልለቀቀችውም ግን። «ለምን እንደ ሆነ ነግረሃቸዋል?»

ዓይኑን ፍሙ ላይ ጣለ።

«አውቄያለሁ። ‹ጨው› ብቻ ካልሃቸው ለወጥ ይመስላቸዋል። ሂድ፤ አፍህን ግን ክፈት።» ለቀቀችው።

ዘርጋው ፍሙን ይዞ ሮጠ። ገሉ መዳፉን አቃጠለው። ከአባባ እንግዳ ደጅ ሲደርስ ቃሉ እንደ ሳል ወጣ።

«ልጄ አይጠባም። አፍንጫው ተደፍኗል። ድንቄ ልትቆርጠው እየመጣች ነው።»

አባባ እንግዳ ጋቢያቸውን ጣሉ። «እና እስካሁን ምን ስትጠብቅ ነበር?» መልስ አልጠበቁም። በፍሙ ላይ ደረቅ ኩበት ጨመሩ፣ ጭሱን ወደ ቀፎው እፍ አሉ፣ እጃቸውን ከተቱ፣ አንድ የማር እንጀራ ገምሰው አወጡ። አንዲት ንብ የዘርጋውን ጆሮ ነደፈች። ኋላ ነው ያስታወሰው።

«እማሆይ፣ ማር! ልጄ አይጠባም፤ ድንቄ እየመጣች ነው!»

እማሆይ ማሩን አላዩትም። ዳዊታቸውን አጥፈው ጓሮ ገቡ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ከነአፈሩ በጭብጣቸው ነቀሉ። ከዚያ ሦስት ቀን የጠፋ ድምፃቸው ከየት እንደ መጣ አይታወቅም፤ ገደሉ አስተጋባው።

«ጥላዬ! ባናውን አውርድ!»

አያ ጥላዬ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ሳይልጥ ጎረሰ። ስንዝሯን አየ፤ ዘርጋውን አየ። ሦስት ሳምንት የለፋበትን ባና ሳይጨርስ በቢላዋ ቆረጠው። «ሂድ። ለጌጤ ስንዝሩን ጉንፋን በላው በላት።» አነጠሰ። ይማርህ የሚለው አላገኘም፤ ዘርጋው ሄዷል።

ባናው በግድግዳው ቀዳዳ ገባ። «እትዬ ጌጤ፣ ጨው! ለልጁ አፍንጫ ነው። ካልጠባ ድንቄ ትቆርጠዋለች!»

መቀርቀሪያው ወደቀ። ጌጤ ተከናንባ፣ ላቧ እየፈሰሰ፣ ቅሏን ከነጨው አስታቀፈችው።

«አንተ ድዳ! ወጥ መስሎኝ! ወጥ መስሎኝ እኮ ነው!» ታለቅስ ነበር።

ፍሙ ጨሰ። ጭሱ ንቡን ገለል አደረገ። ማሩ ተቆረጠ። ነጭ ሽንኩርቱ ተነቀለ። ባናው ወረደ። ጌጤ ተነሣች። ጨው ወጣ።

ዘርጋው ቤቱ ሲገባ ድንቄ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ትፈታለች። ፈለቀች ጥግ ይዛ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታለች፤ ልጁን ለማንም አልሰጠችም። እማማ አስካለ መሐል ቆመው አንዴ ወደ ልጃቸው አንዴ ወደ ድንቄ ያያሉ።

ዘርጋው እጁን ታጠበ። ድንቄ አንዱን ቋጠሮ ፈታች። እስከ ክርኑ ታጠበ። ሁለተኛውን ፈታች። በስኒ ካለው ለብ ያለ ውሃ ላይ ቁንጥር ጨው ጣለ፣ በጥብጦ ቀመሰ። እንደ እንባ ይሁን ተብሏል። ትንሽ ውሃ ጨመረ፤ እንደገና ቀመሰ። ልኩን ለማወቅ ማንንም አልጠየቀም፤ ጣዕሙን ያውቀዋል።

የጨርቁን ጫፍ ነከረ። ሁለት ጠብታ በቀኝ። ሁለት ጠብታ በግራ።

ሕፃኑ ዝም አለ። ፊቱ ቀላ። አፉ ተከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ያዘ።

አነጠሰ።

«ይማርህ!» አለች ድንቄ፣ ሳታስበው።

ፈለቀች አፍንጫውን ጠረገችለትና ጡቷን ሰጠችው። ጎረሰ። አንዴ ሳበ። ሁለቴ ሳበ። ዘርጋው ይቆጥራል። ሦስት። እዚህ ላይ ነበር የሚለቀው። አራት። አምስት። በአፍንጫው ሲር የሚል ቀጭን ትንፋሽ ይሰማል። ዘጠኝ። አሥር። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተወ።

ድንቄ የፈታችውን መልሳ ቋጠረች። «ጡት የያዘ ልጅ አልቆርጥም» አለች፤ ደግሞ አፍንጫዋን ነካ ነካ አደረገች። «ይኸ መንደር ሁሉ ያነጥሳል። እኔንም ሳይዘኝ ልሂድ።»

«እንጥሉ በራሱ ጊዜ ተመለሰ» አሉ እማማ አስካለ፣ ለማንም ሳይሆን ለምድጃው። ዘርጋው አልተከራከረም። ትንሽ ቆይተው ግን ተነሡ፤ ከጋኑ ውሃ ቀድተው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ። «አሁን ልያዘው?» አሉ። ልጃቸው እንዳልሰማ ሆነች። በኋላ ሰጠቻቸው።

ጉንፋኑ ጊዜው ሲደርስ ሄደ። የፈለቀች ጡት አልነጠፈም። የጌጤ ባና እስከ ዛሬ ስንዝር ያንሰዋል፤ እግሯን በሸፈነችው ቁጥር ትራገማለች። በክርስትናው ቀን ዘርጋው ከደጃፉ ላይ ውሃ በእንስራ አቆመ፤ እጁን ሳይታጠብ ልጁን የነካ የለም። አባባ እንግዳ እንኳ ታጥበዋል፣ ሁለት ጊዜ።

ያን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ልጁ ጠግቦ ሲተኛ፣ ዘርጋው ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያ «ጦቢያ የምትባል እህት ነበረችኝ» አለ፤ ሁሉንም ነገራት። ምን እንዳለችው በዚህ ተረት ውስጥ የለም።

ተረቴን መልሱ። እጃችሁን ግን ቀድማችሁ ታጠቡ።